አረንጓዴ ቦንድ ሲመጣ ቢሉ የማን ቤት ይገባል?

በቪዲዮ ያነሳነው የ"አረንጓዴ ቦንድ" ጉዳይ በጽሑፍ ዘርዘር ይበልልን ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን የኪሳችን ጉዳይ ስለሆነ ታገሱኝ።

ለምን አሁን? ብራዚል ቤሌም ላይ በፈረንጆቹ ኅዳር 2025 በተካሄደው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ የ2027ቱን ጉባኤ ማለትም ኮፕ 32ን አዲስ አበባ እንድታስተናግድ ተወስኗል። በእነዚህ ጉባኤዎች ላይ ሌላው ሁሉ ተወርቶ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ክርክር ገንዘብ ነው። ማን ይስጥ፣ ማን ያበድር፣ ማን ይክፈል? ጉባኤው እየቀረበ ሲሄድ "ክላይሜት ፋይናንስ"፣ "አረንጓዴ ኢንቨስትመንት"፣ "የዲያስፖራ ቦንድ" የሚሉት ቃላት በየአዳራሹ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢና በየማኅበሩ ስብሰባ መሰማታቸው አይቀርም። ይህን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ከዚህ በፊት ያየነው ነገር ነው።

የዛሬው ነጥቤ አንድ ነው። ለአረንጓዴም ይሁን ለሌላ ሥራ የተበደረ ገንዘብ መጨረሻ ላይ ቢል ሆኖ የሆነ ሰው ቤት ይገባል። ጥሩ ፋይናንስ የሚባለው ያ ቢል የማን ቤት እንደሚገባ፣ ስንት እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚቆይ ገና ሲጀመር ቁልጭ አድርጎ የሚነግራችሁ ነው። ይህን ለማሳየት ሁለት ቦታ እወስዳችኋለሁ። አንዱ አሁን የምንኖርበት ቴክሳስ ነው፤ ሌላው ደግሞ አባይ።

መጀመሪያ ቃላቱን እናፍታታ

የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለውን ሁላችንም በጥቅሉ እናውቀዋለን። የድንጋይ ከሰል፣ ናፍጣ፣ ቤንዚንና ጋዝ ሲቃጠሉ የሚወጣው ካርቦን ሰማይ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ይይዘዋል። በዚህ የተነሳ ዝናቡ ከወቅቱ ይዛባል፣ ድርቁ ይበረታል፣ ጎርፉ ይከፋል። ቦረና ላይ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከሽፍ ከብቱ እንዴት እንዳለቀ አይተናል።

መፍትሔው ወደ ውሃ፣ ወደ ነፋስና ወደ ፀሐይ መሄድ ነው ይባላል። እሺ፤ ግን እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የጋዝ ማመንጫ ሲሠራ በየቀኑ ነዳጅ ይገዛል፣ ወጪው በየቀኑ ነው። ግድብ፣ የነፋስ ተርባይን ወይም የፀሐይ ፓኔል ግን ነዳጅ አይገዛም። ወጪው ከሞላ ጎደል በሙሉ መጀመሪያ ላይ ነው። ልክ እንደ ኤሌክትሪክ መኪና አስቡት። ለቤንዚን የምታወጡት የለም፤ ዋጋው ግን ገና ስትገዙት ይከመርባችኋል፣ ስለዚህ የባንኩ ወለድ ስንት ነው የሚለው ነገር ሁሉን ይወስናል። አረንጓዴ ኢኮኖሚም እንደዚሁ ነው። ፀሐይና ውሃ በነፃ ናቸው፤ እነሱን ወደ መብራት የሚለውጠው ገንዘብ ግን ነፃ አይደለም። ድሃ አገር በከፍተኛ ወለድ ስለሚበደር፣ ያው አንድ ዓይነት ተርባይን ከሀብታም አገር ይልቅ እሱ ዘንድ ውድ ይሆናል።

ታዲያ ገንዘቡ በምን መልክ ይመጣል? በደንብ ለዩልኝ፣ አራት ነው።

አንደኛው ስጦታ ነው። ይሄ እንደ ዕድር መዋጮ ነው፤ ለቀብር ያዋጣነውን ማንም መልሱልኝ አይልም።

ሁለተኛው ብድር ነው፤ ቦንድ ማለት ይሄ ነው። ቦንድ ገዛችሁ ማለት አበደራችሁ ማለት ነው። በቀኑ ከነወለዱ ሊመለስላችሁ ይገባል። እንደ ዕቁብ ነው፤ ተራው ደርሶ ካልወጣ ጸብ ነው። "አረንጓዴ ቦንድ" የሚባለው ደግሞ ብድሩ ለተፈጥሮ ጥበቃና ለንጹሕ ኃይል ሥራ ብቻ እንደሚውል ቃል የተገባበት ነው። የአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ በ2007፣ የዓለም ባንክ በ2008 ጀመሩት። ከአፍሪካ ናይጄሪያ በ2017 በመንግሥት ስም 10.69 ቢሊዮን ናይራ ሸጣለች።

ሦስተኛው አክሲዮን ነው። ባለቤት ትሆናላችሁ፤ ሲያተርፍ ትካፈላላችሁ፣ ሲከስርም እንዲሁ።

አራተኛው ሽያጭ ነው፤ ካርቦን ክሬዲት የሚሉት። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ የሚባል ቦታ ተራቁቶ የነበረ 2,728 ሄክታር ተራራ በዎርልድ ቪዥን ድጋፍ፣ በገበሬዎች ማኅበራት ጠባቂነት መልሶ ደን እንዲሆን ተደረገ። ደኑ የሚይዘውን ካርቦን የዓለም ባንክ አንዱ ፈንድ ገዛው፤ ገንዘቡም ወደ ማኅበራቱ ሄደ። እዚህ ላይ የተበደረ የለም፤ የተሠራ ሥራ ተለክቶ ነው የተሸጠው።

እነዚህን አራቱን የሚያምታታ ሰው ካጋጠማችሁ፣ በተለይ ቦንዱን "ለአገር ስጦታ" እያለ የሚሸጥላችሁ ከሆነ፣ እዚያው ላይ ቆም በሉ።

የቴክሳስ ትምህርት፦ ሽቦውን ማን ከፈለው?

ቴክሳስ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ነዳጅ ነው። ግን ከነፋስ መብራት በማመንጨት ከአሜሪካ ግዛቶች አንደኛው ቴክሳስ ነው። በአይ-20 ወደ ምዕራብ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ አቢሊንን አልፋችሁ ስዊትዋተር አካባቢ ስትደርሱ መንገዱ ግራና ቀኝ ተርባይን ብቻ ነው። ይህን ያመጣው የአየር ንብረት ፍቅር ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ይኸው ግዛት በ2021 የነዳጅ ኩባንያዎችን የሚያገሉ የፋይናንስ ድርጅቶች ከመንግሥት ጋር እንዳይሠሩ ሕግ ያወጣ ግዛት ነው። ታዲያ እንዴት ሆነ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ነፋሱ ያለው ምዕራብ ቴክሳስ ነው፤ ሰዉ ያለው ዳላስ፣ ሂዩስተን፣ ኦስቲንና ሳን አንቶኒዮ ነው። በመሃል በቂ ሽቦ አልነበረም። ባለተርባይኑ ሽቦ ከሌለ አልተክልም ይላል፣ ባለሽቦው ደግሞ ተርባይን ከሌለ አልዘረጋም ይላል። በ2005 የግዛቱ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፤ መስመሩ አስቀድሞ እንዲዘረጋ ተወሰነ። ወደ 3,600 ማይል የሚጠጋ ከፍተኛ የኃይል መስመር ተዘርግቶ በ2014 አካባቢ ተጠናቀቀ። ወጪው ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ነው።

ማን ከፈለ? እኛ። ከዘረጉት ኩባንያዎች አንዱ የዳላስን አካባቢ የሚያገለግለው ኦንኮር ነው። የመብራት ቢላችሁን አውጥታችሁ እዩ፤ የኃይሉ ዋጋ ለብቻው፣ የማድረሻው ዋጋ ለብቻው ተጽፎ ታገኙታላችሁ። በማድረሻው ውስጥ ያ ሽቦ አለበት። ጋርላንድ ሆናችሁ መብራታችሁን ከከተማው ድርጅት የምታገኙትም አልቀረላችሁም፤ የከፍተኛ መስመሩ ወጪ በግዛቱ መረብ ውስጥ ላለው ሁሉ የተከፋፈለ ነው።

ተጠቀምን ወይ? ርካሽ የነፋስ ኃይል ወደ ከተማ ገብቷል። ግን ልብ በሉ፤ ወጪው በይፋ ተነግሯል፣ የሕዝብ መገልገያዎች ኮሚሽን የሚባለው ተቆጣጣሪ አጽድቆታል፣ ቢል ላይም መስመር አለው። የሚናደድ ሰው በምን እንደተናደደ ያውቃል። ለእኔ የዚህ ነገር ጥሩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛውን ትምህርት ማንኛችንም አንረሳውም። በየካቲት 2021 ያ በረዶ መጣ። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ጠፋባቸው። ግዛቱ ራሱ የቆጠረው የሞተ ሰው 246 ነው። ጋዙም፣ ከሰሉም፣ ነፋሱም፣ ኒኩለሩም ከፊሉ ቆሟል፤ ትልቁ ጉድለት የመጣው ግን ከጋዙ በኩል ነው። በእነዚያ ጥቂት ቀናት የጋዝ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ለቤት ጋዝ የሚያከፋፍሉት ኩባንያዎች በዚያ ዋጋ ገዙ። ያ ሁሉ ዕዳ በአንድ ወር ቢል ላይ ቢመጣ ኖሮ ስንቱ ቤት በፈረሰ! ስለዚህ ምን ተደረገ? ቦንድ ተሸጠ። በመጋቢት 2023 ለዚሁ በተቋቋመ የግዛቱ ድርጅት በኩል 3.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ቦንድ ወጣ። እሱን የሚከፍለው የጋዝ ደንበኛው ነው፣ ለብዙ ዓመታት። የእኛ አካባቢ አከፋፋይ የአትሞስ ኢነርጂ ደንበኛ ከሆናችሁ በጋዝ ቢላችሁ ላይ ለዚሁ ጉዳይ የተለየ ክፍያ አለ።

እንግዲህ አስተውሉ። ለአየር ጠባይ መዘጋጀት ገንዘብ ያስወጣል፤ አለመዘጋጀትም ገንዘብ ያስወጣል። ሁለቱም በብድር ተሸፍነው ሁለቱም በቢል ይመጣሉ። ልዩነቱ ለመጀመሪያው ስትከፍሉ ሽቦና ተርባይን ይቀርላችኋል፤ ለሁለተኛው ስትከፍሉ ግን የምታስታምሙት ያለፈ ጉዳት ብቻ ነው።

አባይ፦ በአምስት አስር ዶላር የተጀመረ ብድር

አሁን ወደ አገር ቤት እንምጣ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ መሠረት ሲጣል፣ የዓለም ባንክና መሰሎቹ አላበደሩም። ድንበር ተሻጋሪ ወንዝ ላይ ለሚሠራ ሥራ የታችኞቹ አገሮች ጉዳይ ስለሚነሳ፣ ግብፅ እየተቃወመች ከእነሱ ብድር ማግኘት የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ገንዘቡ ከአገር ውስጥ ተፈለገ፦ ከንግድ ባንክ ብድር፣ ከቦንድ ሽያጭ፣ ከሠራተኛው ደመወዝ፣ ከስጦታ። ቻይና ደግሞ ኃይሉን ከግድቡ ወደ ደዴሳና ሆለታ ለሚያመጣው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር አበደረች።

ስለ አረንጓዴ ፋይናንስ በየኮንፈረንሱ የሚያወሩ ባለሙያዎች ይህን ግድብ "አረንጓዴ ቦንድ" ብለው ሲጠሩት ብዙም አትሰሙም። ግን ምን ጎደለው? ካርቦን የማያቃጥል ኃይል ማመንጫ ነው፣ በቦንድ ተበድረው ሠሩት፣ አበዳሪው ደግሞ ጫማ ጠራጊው፣ አስተማሪው፣ የጓዳ ሠራተኛዋና እዚህ ሁለት ፈረቃ የሚሠራው ሰው ነው። ግድቡ በየካቲት 2022 የመጀመሪያውን ኃይል ሰጠ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመረቀ። 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ። ማንም ምን ይበል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። የብረታ ብረትና ኤሌክትሮ መካኒክ ሥራውን ይዞ የነበረው ሜቴክ ሥራው በመጓተቱ በ2018 ውሉ ተነጠቀ። ዓመታት ባከኑ። ቦንድ የገዛው ሰው ግን ይህን የሰማው እንደማንኛውም ሰው ከዜና ነው። አበዳሪ ሆኖ ሳለ "ገንዘብህ እዚህ ደረሰ፣ እዚህ ላይ ችግር ገጠመን" የሚል ሪፖርት ቤቱ አልመጣለትም።

አሜሪካ ውስጥ የሆነው

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡልኝ፤ ብዙ ሰው ወሬውን ሰምቷል፣ ቁጥሩን ግን አያውቅም።

ከ2011 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት የአባይ ቦንድ በአሜሪካ ከተሞች በየአዳራሹ፣ በኤምባሲው ድረ ገጽ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይሸጥ ነበር። ዝቅተኛው 50 ዶላር ነበር። ወለዱ ሊቦር በሚባለው የለንደን ባንኮች መነሻ ላይ እንደ ዓመቱ ርዝመት ከ1.25 እስከ 2 ከመቶ ተጨምሮ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሊቦር ራሱ ከ1 ከመቶ በታች ነበር። ወለዱን ብቻ ያየ ሰው ይህን ቦንድ አይገዛም ነበር፤ የገዛው ለአባይ ብሎ ነው። በብዙ ከተሞች ውስጥ የሚገዛ፣ ደጅ ላይ መንግሥቱን የሚቃወም ሰልፍም ነበር። የፖለቲካው ክርክር ለዛሬ ይቆየን።

በሰኔ 2016 የአሜሪካ የሴኩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን፣ ኤስ.ኢ.ሲ የሚባለው፣ ውሳኔውን አወጣ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ቦንዱን በአሜሪካ ሕግ ሳያስመዘግብ ከ3,100 በላይ ለሚሆኑ እዚህ ነዋሪዎች ሸጦ ወደ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቧል አለ። በአማካይ ሲታይ በሰው ከ1,900 ዶላር ያነሰ ነው፤ የባለጸጋ ገንዘብ አልነበረም ማለት ነው። ድርጅቱ ያለማስመዝገብ ጥፋቱን አምኖ፣ የሰበሰበውን 5,847,804 ዶላርና 601,050 ዶላር ወለድ፣ በድምሩ ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገንዘቡ ለገዢዎቹ እንዲከፋፈል ነው።

ይህን ሲሰሙ አንዳንዶች "አሜሪካ ግድቡን ልታስቆም ነው" አሉ። ሌሎች ደግሞ "ቦንዱ ማጭበርበር ነበር" አሉ። ሁለቱም አይደለም። ክሱ ስለ ምዝገባ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ ቦንድ የሚሸጥ ማንኛውም አካል መጀመሪያ ሰነዱን ያስመዘግባል፣ አለዚያ ሕጉ የሚፈቅድለት ልዩ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። በሰነዱ ላይ ተበዳሪው ማን እንደሆነ፣ ዕዳው ስንት እንደሆነ፣ ምን አደጋ እንዳለ፣ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ይጻፋል። ሕጉ የወጣው በ1933 ነው፤ ብዙ አሜሪካዊ ቁጠባውን በባዶ ወረቀት ካጣ በኋላ። ምዝገባ ማለት ቦንዱ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ለመፍረድ የሚያስችላችሁን መረጃ በእጃችሁ አግኝታችኋል ማለት ነው።

ጥንቃቄው ደግሞ ለእኛ አገር ብቻ አይደለም። ይኸው ኮሚሽን በመስከረም 2023 ዲ.ደብሊው.ኤስ የሚባለውን የጀርመን ግዙፍ የኢንቨስትመንት ድርጅት የአሜሪካ ክፍል፣ ስለ አረንጓዴ አሠራሩ ከእውነቱ በላይ አጋኖ ተናግሯል በሚል 19 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። አረንጓዴ ቀለም መቀባት የትም አለ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ

ግድቡ ካለቀ ታዲያ ለምን ሌላ ገንዘብ? የቴክሳስን ሽቦ አስታውሱ። ኃይሉ ጉባ ላይ አለ፤ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ግን ዛሬም መብራት የለውም። የጎደለው ምሰሶ፣ ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ነው። በዚህ ላይ በጥር 2024 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ አቶ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታውቀዋል። ለዘመዱ መኪና ልኮ የነበረ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። መኪናው ቻርጅ የሚደረግበት መስመር ይፈልጋል፤ መስመሩ ገንዘብ ይፈልጋል።

ገንዘቡን ከውጭ ገበያ ማምጣት ደግሞ ከብዷል። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 በ6.625 ከመቶ ወለድ 1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ ሸጣ ነበር። በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። እንዲህ የሆነ ተበዳሪ ቀጥሎ ሲመጣ ገበያው ወለድ ይጨምርበታል፣ ወይ በሩን ይዘጋበታል። ያኔ ማን ይቀራል? በፍቅር የሚያበድር ዘመድ ይቀራል። እኛ ማለት ነው።

ሌላም አለ። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 አካባቢ የነበረው ምንዛሪ በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 አለፈ። ዶላራችሁን መንዝራችሁ በብር ቦንድ ያስቀመጣችሁ ከነበራችሁ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አልተነካም፤ በዶላር ሲታሰብ ግን ግማሽ ያህሉ ተንኗል። በዚያው በኩል ደግሞ መብራት ኃይል ተርባይንና ትራንስፎርመር የሚገዛው በዶላር ነው፤ የሚሰበስበው በብር ነው። ክፍተቱ እንዴት ይሞላል? ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ አራት ዓመት የሚዘልቅ የታሪፍ ጭማሪ ተጀምሯል።

አሁን ነገሩን ግጠሙት። እናንተ እዚህ ለመብራት ቦንድ ብትገዙ፣ ወለዳችሁን ማን ነው የሚከፍለው? እዚያ ያሉት እናታችሁ ናቸው፣ በመብራት ክፍያቸው። ልጅ ያበድራል፣ እናት ትከፍላለች፣ ልጅ ደግሞ እናት መክፈያ እንድታገኝ በየወሩ ይልካል። ይህ ማለት ቦንዱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። እናት ከጭስ ወጥተው በኤሌክትሪክ ምጣድ ከጋገሩ፣ የልጅ ልጅ በመብራት ካጠና፣ ክፍያው ተገቢ ሊሆን ይችላል። ግን ይህ ስሌት ከፊርማ በፊት በግልጽ መቀመጥ አለበት።

ከመፈረማችን በፊት የምንጠይቃቸው

እኔ የፋይናንስ አማካሪ አይደለሁም፤ ግዙም አትግዙም አልልም። የሚሸጥላችሁ ሰው ግን እነዚህን ጥያቄዎች ሳይቆጣ መመለስ አለበት።

1. ስጦታ ነው ብድር? በወረቀቱ ላይ የትኛው ተጽፏል? ስጦታ ከሆነ እንደ ስጦታ ስጡ፣ አትጠብቁት። ብድር ከሆነ የሚመለስበት ቀን ይጻፍ።

2. ባለዕዳው ማን ነው? መንግሥት፣ መብራት ኃይል፣ ባንክ ወይስ የግል ኩባንያ? ቢያቅተው ዋስ አለው?

3. በየትኛው ገንዘብ ይመለሳል? በዶላር ከሆነ እዚህ ነው ወይስ እዚያ ባንክ ውስጥ የሚቀመጥ? በብር ከሆነ የምንዛሪውን አደጋ ማን ተሸከመ?

4. አሜሪካ ውስጥ ተመዝግቧል? የኤስ.ኢ.ሲ የሰነድ ማውጫ ኤድጋር ይባላል፤ በነፃ ይፈለጋል። የሻጩን ፈቃድ ደግሞ ብሮከርቼክ በሚባለው ድረ ገጽ ስሙን አስገብታችሁ ታያላችሁ። ቴክሳስም የራሱ የሴኩሪቲስ ቦርድ አለው፤ ደውላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። አገር ቤትም በሕግ የተቋቋመ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አለ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም በጥር 2025 ሥራ ጀምሯል። እዚያም ቢሆን ተመዝግቧል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

5. ገንዘቡ የት እንደገባ በየዓመቱ ማን ይነግረናል? እውነተኛ አረንጓዴ ቦንድ ይህን ሪፖርት የማውጣት ግዴታ ይገባል፤ ጥሩዎቹ ደግሞ በገለልተኛ ወገን ያስመረምሩታል። "አረንጓዴ" የሚለው ቃል ካለ ሪፖርቱ ከሌለ፣ ቃሉ ቀለም ብቻ ነው።

6. መክፈያው ከየት ይመጣል? ከታሪፍ፣ ለጎረቤት አገር ከሚሸጥ ኃይል፣ ወይስ ከሌላ ብድር? ዝናቡ ቢቀርስ? የኢትዮጵያ ኃይል በአብዛኛው ከውሃ ስለሆነ፣ ድርቅ ሲመጣ ማመንጫውም ገቢውም አብሮ ይቀንሳል።

7. ታክሱስ? ከውጭ አገር የሚገኝ ወለድ እዚህ ገቢ ነው፤ ለአይ.አር.ኤስ ይነገራል። በውጭ ባንኮች ያላችሁ ሂሳብ ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፈ ደግሞ ኤፍባር የሚባለውን ቅጽ መሙላት ግዴታ ነው። ቅጣቱ ከወለዱ ይበልጣል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆቻችን በአዳራሽ ውስጥ እልልታ ሲደምቅ እጃቸውን ቶሎ ወደ ቦርሳ ይሰዳሉ። ከጎናቸው ሆናችሁ ወረቀቱን አንብቡላቸው። ይህን ጥያቄ መጠየቅ አገር መጥላት አይደለም። የቴክሳስ ገበሬ የንፋስ መስመር በመሬቱ ሲያልፍ ጠበቃ ይዞ ጠይቋል፤ ማንም ከሃዲ አላለውም።

የአባይ ቦንድ አንድ ነገር አስመስክሯል፤ ድሃ ሕዝብ ትንሽ ትንሹን አበድሮ ባለጸጎቹ እምቢ ያሉትን ትልቅ ሥራ መሥራት ይችላል። በ2016 የሆነው ደግሞ ሌላ ነገር አስመስክሯል፤ ፍቅር ብቻውን የአበዳሪን መብት አያስከብርም። ኮፕ 32 አዲስ አበባ ሲገባ የዓለም መሪዎች ስለ ቢሊዮኖች ያወራሉ። እኛ ዘንድ የሚመጣው ቅጽ ግን የ500 እና የ1,000 ዶላር ነው። ያ ቅጽ ሲመጣ ብዕሩን ከማንሳታችሁ በፊት ጥያቄዎቹን አንሱ። መልስ ያለው ቦንድ ጥያቄ አይፈራም።

በሚቀጥለው ጽሑፍ አገር ቤት የገቡት ኤሌክትሪክ መኪናዎች ባትሪና መለዋወጫ ጉዳይ ላይ እመለሳለሁ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን፣ ሰላም ለአገራችን።